ቀይ አበባ ያወጣው እንጆሪ

ለባለቤቴ ለዘነቡ፣

ቀዩን እንጆሪዬን ነቅለው አቃጠሉት። አርባ ሦስት እግር ነበር፤ አንድም አልተረፈም። ይህን ያደረጉት አንቺ በተቀበርሽ በአምስተኛው ቀን፣ እኔ ድንኳን ውስጥ ሰው መሐል ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ያደረጉት ሌቦች ወይም ምቀኞች ቢሆኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ተነሥቼ እከሳቸው ነበር። እኔን ታውቂኛለሽ።

ከተለየሽኝ ዛሬ ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ለሙት ደብዳቤ አይጻፍም እያልሁ ብዙ ጊዜ ብዕሩን አንሥቼ አስቀመጥሁት። ግን ይህን ነገር ለሕያው ሰው መንገር አልችልም። አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም፤ እኔም ከመሠረተ ትምህርት ሀሁን ይዤ ሌላውን በራሴ ነው የለቀምሁት። እንደ ድሮው ጋዜጣ ሳነብልሽ በሩ ላይ ተቀምጠሽ እንደምትሰሚው አድርገሽ ስሚኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። በሩ አሁንም መሬት ይፍቃል። ዛሬ ነገ አስተካክለዋለሁ እያልሁ ዐሥር ዓመት አቆየሁሽ፤ አሁን ደግሞ ለማን ብዬ ነው። ጥቁሯ ዶሮ እንቁላል አቁማለች። ሽሮ እራሴ እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛዋል፤ በልቼው እነሣለሁ። ከአጥር ማዶ ከእነ ከድር ቤት በየጁምዓው ንፍሮ ይመጣል። ሥጋቸውን እንደማንበላ ስለሚያውቁ አንድ ቀን እንኳ ሳይሳሳቱ ንፍሮና ማር ብቻ ነው የሚልኩት። ልጅሽ አስካለ እስከ አርባሽ ተቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በየእሑዱ ትደውላለች፤ ስልኩን አንሥቼ “ደህና ነኝ” እላታለሁ፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትዘጋዋለች። ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም አንዳንድ ተሳፋሪ “የእንጆሪዋ ሴትዮ የታሉ?” ብሎ ይጠይቃል አሉ። ምን ብለው እንደሚመልሱለት አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ነገሩ በክርክር እንደተጀመረ ታስታውሻለሽ። ያ ከወረዳ የሚመጣው የግብርና ባለሙያ፣ ቆላ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ የፈረንጅ እንጆሪ ማብቀሌን አይቶ አደነቀኝ። በዳስ ጥላ፣ በጭድ ጉዝጓዝ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጣሁ ያበቀልሁትን ማለቴ ነው። ምስጋናውን ተቀብዬ ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ልጄ በምትሠራበት የአበባ እርሻ ሮዝ አበባ ያለው እንጆሪ አለ ብዬ ነገርሁት። ሳቀ። “ጋሼ፣ የእንጆሪ አበባ ነጭ ነው። ተምረነዋል” አለኝ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ፤ ክንዴን ይዘሽ ነበር። ውሸታም ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ተምረነዋል ማለቱ ነው እሳት የለኮሰብኝ።

አስካለ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ሊጥሉት የነበረውን ሦስት ሀረግ በእርጥብ ካልሲ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንዳይመታው ጉያዋ ውስጥ፣ ዋሻውን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ሙቀቱ እንዳያጠወልገው በመስኮት አየር እያስነካች። ሁለቱ ሞቱ። አንዱ ተረፈና አበባ አወጣ። ሮዝ ነው ከተባለ ሮዝ ነው፤ እንደ ሕፃን ድድ የገረጣ። አንቺ ደስ አለሽ። እኔ ግን ይህንን ባሳየው ‘ነጭ ነው፤ ፀሐይ መትቶት ነው’ ይለኛል አልሁ። ማንም የማይከራከረው ቀይ እፈልጋለሁ አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የአንቺ እጅ ሥራ ነው። የእኔ ጣት ወፍራም ነው፤ አበባውን ይሰብራል። ፀሐይ ሳይበረታ ተንበርክከሽ፣ ያልፈካውን የነጩን እንቡጥ በመርፌ ከፍተሽ ወንዴውን እያወጣሽ ትጥያለሽ፤ የሮዙን ብናኝ በዶሮ ላባ ጫፍ ወስደሽ ትቀቢዋለሽ፤ ንብ እንዳይደርስበት በቁራጭ ነጠላ ታስሪዋለሽ። ፍሬው ሲበስል ልጣጩ ላይ ያለችውን ደቃቅ ዘር እኔ በቢላ ፍቄ ወረቀት ላይ አደርቃለሁ። በተሰበረ ገንቦ እንዘራለን። የበቀለው አብዛኛው ነጭ ያብባል። እኔ ነጩን ያለ ርኅራኄ እነቅል ነበር። አንቺ ግን የጣልሁትን ከሥሬ እየለቀምሽ ወዲያ ማዶ ትተክይው ነበር። የምትሸጪው ፍሬ ሁሉ እኔ የጣልሁት ነው። ሰውም የሚያውቀው ያንን መደብ ብቻ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት አንዱ ቀይ አበበ። እንደ ሮማን አበባ። ጠራሁሽ፤ እጅሽ ሊጥ እንደነካ መጣሽ። ብዙ ቆመሽ ካየሽው በኋላ “ለሰው አሳየው” አልሽኝ። አንድ እግር ማስረጃ አይሆንም አልሁሽ። ከዘር ቢዘራ ቀለሙ እንደማይጸና አውቀን ነበር፤ ስለዚህ ሀረጉን ብቻ እያስረዘምን፣ ከእናቱ ሥር የወጣውን ልጅ እየቆረጥን ሦስት ዓመት አበዛነው። መደቡን ከጉሎው አጥር ጀርባ፣ ዳስ ሥር ሸሸግሁት። አንቺ ‘ለከድር እንኳ አሳየው፤ ጎረቤትህ አይደለም ወይ’ ስትይ እኔ ‘መደቡ ይሙላ’ እላለሁ። መደቡ ሳይሞላ ማንም አይቶት እንዳይስቅበት ፈለግሁ። ከእኔና ከአንቺ፣ ከአስካለም በቀር ያንን አበባ ያየ ሰው የለም።

ባለፈው ሚያዝያ ለባለሙያው “በሚመጣው የካቲት ለመስክ በዓል ስትመጡ ቀይ አበባ ያለው እንጆሪ አሳይሃለሁ” አልሁት። ታኅሣሥ በገባ አንቺ ሞትሽ።

በአገራችን ሐዘንተኛ ሥራ እንደማይነካ ታውቂያለሽ። ለስንት ሐዘንተኛ ቤት አብረን ሄደን አርመናል። የአባወራው የውሃ ተራ ሲደርስ ጎረቤት ይቀበልለታል፤ ሰብሉን ጎረቤት ያርምለታል፤ እሱ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ለእኔም እንደዚያው ሆነ። ከድር ተራ ለሚያድለው ለውሃ አባቱ ነግሮ ተራዬን ተቀበለልኝ፤ ሁለት የእድር ሰዎች ይዞ ወደ ጓሮዬ ገባ። የራሱ ማሽላ ማሳ ላይ የግሪሳ ወፍ ወርዶ ነበር። ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፍ የሚወረውርበትን አንድ ቀን ተኩል እኔ ጓሮ ተንበርክኮ አሳለፈው። ያንን ማሽላ በኋላ አይቼዋለሁ፤ ግማሹ ራስ ባዶ ነው።

ያ ሥር መጣጩ አረም፣ አቀንጭራ፣ ማሽላ ላይ የሚያደርገውንም ታውቂያለሽ። እዚህ ይፋት ቆላ ያንን ቀይ ሐምራዊ አበባ አይቶ ደሙ የማይፈላ ገበሬ የለም። ዘር ሳይጥል ንቀለው፣ ነቅለህም ሜዳ ላይ አትጣለው፣ አቃጥለው ተብሎ ነው ያደግነው። ከድር ደግሞ አንድ ዓመት ማሳውን በሙሉ በልቶበት ልጆቹን ወደ ማጀቴ ከተማ፣ ዘመድ ቤት ልኮ አሳድጓል። ከነጭ ሌላ የእንጆሪ አበባ አይቶ የማያውቀው ይህ ሰው የጉሎውን አጥር አልፎ፣ ፍሬ ገና ሳይቋጠር፣ የእንጆሪ ቅጠል መሐል ቀይ አበባ አየ። ምን ያድርግ?

ከሰዓት በኋላ ድንኳን መጣ። ጉልበቱ አፈር ለብሷል፣ መዳፉ ተላልጧል። አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሰው እንዳይሰማ ጆሮዬ ሥር ነገረኝ።

“አብሽር ደምሴ። መደብህን እንደ ጠረጴዛ አድርጌልሃለሁ። ከጀርባ በኩል አቀንጭራ ገብቶብህ ነበር፤ ክርዳድ ስንዴ መስሎ እንደሚገባው ሁሉ ይሄም እንጆሪ መስሎ ገብቷል። ወላሂ አንዲት አላስቀረሁብህም። ሥሯን ይዤ ነው ያወጣኋት። አመድ አድርጌዋለሁ።”

ፊቱ ላይ ደስታ ነበር ዘነቡ። ላንቺ የሚገባውን አድርጎ ዕዳውን እንደተወጣ ሰው ደስታ። ምን እንዳልሁት ልንገርሽ? “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” አልሁት። ከዚያ ወዲያ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጣልሁ። ሰዉ ያንን ሁሉ የአንቺ ሐዘን ነው ብሎ ነው ያጽናናኝ። የአንቺም ነበር። ሁለቱን እንዴት እንደምለያያቸው አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም።

እኔ በሕይወቴ ያየሁትን ስሕተት ሳልናገር ያለፍሁበት ቀን የለም። የቀበሌውን ሊቀመንበር በስብሰባ መሐል ተነሥቼ ዋሽተሃል ብያለሁ። በአንድ ለአምስት ያደራጁን ጊዜ አራቱን በአንድ ሳምንት አኩርፌአለሁ። የወንድምሽን ሰርግ በአንድ ቃል ያበላሸሁትን ሳታነሺብኝ የዋልሽበት ዓመት የለም። አሁን ግን ምን ልበል? ከድርን ጠርቼ ‘ያቃጠልኸው አረም አይደለም፤ የዘነቡ የዘጠኝ ዓመት እጅ ነው’ ልበለው? ይህ ሰው ሰምቶ እንዴት ያድራል? ማሽላውን ለወፍ ሰጥቶ ያደረገልኝን ደግነት ወስጄ እንዴት በፊቱ እደፋዋለሁ? ደግሞስ ማንን ልክሰስ? አላሳየሁትም እኮ። አሳየው ስትይኝ እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከድር በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ ያደርግ ነበር። “እንዴት አደርህ? እንጆሪው እንዴት ነው?” ይል ነበር። “ደህና ነው” እለው ነበር። እውነትም ደህና ነው፤ አንቺ የተከልሽው ነጩ መደብ እንደ ዘንድሮ አድርጎ አያውቅም። ንጹሕ ታርሟል። ፍሬው ከቅጠሉ በልጧል። መንገደኛ ሁሉ “የደምሴ እንጆሪ ታየ?” ይላል። የጉሎው አጥር ጀርባ ግን አንድ ጥቁር አመድ የነበረበት ቦታ አለ፤ ከበሩ ስወጣ አየዋለሁ፣ ፊቴን ባዞር በአጥሩ ላይ ከድር አለ። አስካለ ወደ እኔ ና ትለኛለች። ብሄድ አንቺን እዚህ ትቼ ነው። ብቀመጥ ደግሞ በየቀኑ እየዋሸሁ ነው። መደቡን ማን እንዳቃጠለው ሳልነግራት ሌላ ሀረግ ፈልጊልኝ ብያት ነበር፤ እርሻው ያንን ዘር ከጣለው ቆይቷል፣ አሁን ጽጌረዳ ብቻ ነው አለችኝ። ቢገኝስ? ዘጠኝ ዓመት ከየት አመጣለሁ? ላባውንስ ማን ይይዘዋል?

የካቲት ደረሰ። ለመስክ በዓሉ ሰው በሙሉ ወጣ፤ ከሁሉም ቀበሌ የተሰበሰበ ገበሬ፣ ከወረዳ የመጡ ሰዎች። ከእነ እገሌ ሽንኩርት፣ ከእነ እገሌ ፓፓያ እየዞሩ እኔ ጓሮ ደረሱ። ባለሙያው ነጩን መደብ አሳየ፣ ስለ ጉዝጓዙና ስለ ዳሱ ተናገረ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

“ጋሽ ደምሴ፣ ቀይ አበባ ያለው እንጆሪ አሳይሃለሁ ብለውኝ ነበር። የታለ ታዲያ?”

ከድር አጠገቤ ቆሟል። “ቀይ አበባ?” አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ዞሮ ወደ ጉሎው አጥር ሲያይ አየሁት። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በሕይወቴ ይዞኝ አያውቅም። አንድ ትንፋሽ ብቆይ ኖሮ ያውቀው ነበር።

“ባለፈው ግንቦት ሙቀት ፈጀው” አልሁ።

አየሽ፣ ሞቱን ከአንቺ ሞት በፊት አደረግሁት። ከድር ጓሮዬን ከመርገጡ ከስንት ወር በፊት። እንዲህ ያለ ውሸት እንዴት በዚያች ቅጽበት እንደመጣልኝ አላውቅም። ልምድ የለኝም።

ሰዉ ሳቀ። “ቆላ ላይ የደጋ ተክል! እኛስ ብለን አልነበር?” አለ አንዱ። “ደምሴ ነጩን በቀይ ቀለም ሊነክረው አስቦ ቀለሙ አልቆበት ነው” አለ ሌላው። ባለሙያው አልሳቀም፤ እሱ የከፋ አደረገ፤ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ “ግድ የለም ጋሼ፣ የእንጆሪ አበባ ነጭ ነው” አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚያ ቃል መልስ ለመስጠት ስለፋ ኖሬ፣ ያንኑ ቃል መልሶ ደገመልኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ያን ጊዜ ከድር ተቆጣ።

“ምን ያስቃችኋል?” አለ ጮኾ። “ይሄ ሰውዬ ግትር ነው፤ ክፉ ነው፤ አርባ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር አንድ ቀን ደህና ቃል ሰጥቶኝ አያውቅም። ግን አይዋሽም! ነበረኝ ካለ ነበረው፤ ሙቀት ገደለው ካለ ሙቀት ገድሎታል። ወላሂ እኔ እምልለታለሁ!”

ይበልጥ ሳቁ። እኔም ጉድጓድ ቢገኝ እገባ ነበር። በውሸቴ ላይ ማለልኝ ዘነቡ። እንዲያውቀው ያልፈለግሁት ሰው ራሱ በፈጣሪው ስም ማለልኝ። ሰው በግድግዳ ይታጠራል፣ በሕግ ይታሰራል፤ እኔን በምስጋናና በመሐላ ነው ያሰሩኝ። ይህንን ገመድ የሚፈታ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም። የማገኘው ቃል ሁሉ ከድርን የሚሰብር ነው።

በሳምንቱ ከድር የሽንኩርት ችግኝ በእርጥብ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። የሰዉ ሳቅ እሱን ከእኔ ይልቅ አሞት ኖሯል። “ያ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ቦታ ባዶውን ምን ያደርግልሃል? አፈሩ አመድ ጠጥቷል፤ ለሽንኩርት እሱን የመሰለ የለም” አለኝ። ቦታውን የወደደው አመዱን አይቶ ነው። እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። ምክንያቱን መናገር ነገሩን መናገር ነው። ስለዚህ ተንበርክከን አብረን ተከልን፤ ሁለት ሽማግሌ፣ ለሁለታችንም ደህና ጉልበት አንድ ነው ያለው፤ እሱም የእሱ ነው። በገመድ አሰመርን፣ በእንጨት ወጋን፣ ችግኙን ሰካን። ጣቴ አፈሩ ውስጥ ሲገባ ቁራጭ ከሰል አገኘሁ። ጭብጥ አድርጌ ኪሴ ከተትሁት፤ ቆይቼ ግን ምን ሊሆነኝ ነው ብዬ ጣልሁት።

መስመሩ ሊያልቅ ሲል ከድር ቀና አለ።

“ደምሴ፣ እውነትህን ቀይ ነበረህ?”

“ነበረኝ።”

“የት ነበር የተከልኸው?”

በእጄ አሳየሁት። ወዲያ፣ ማንጎው ሥር፣ ድንጋይ ክምሩ ጋ።

ከድር ገበሬ ነው። ያ ክምር እኛ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ እዚያ እንዳለ ያውቃል። ድንጋይ ላይ እንጆሪ እንደማይተከል ያውቃል። ወደዚያ ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ዐይኑን ወደ እጁ፣ ወደ አፈሩ መለሰ። ያመነኝ ይሁን ያላመነኝ አላውቅም። “አላህ ይተካልህ” አለኝ፤ ቀሪዎቹን ችግኞች ተክሎ ጨረሰ። ስንነሣ ክንዴን ይዞ አስነሣኝ፤ ከወትሮው ጠብቆ የያዘኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ ስለ እንጆሪ አይጠይቀኝም። ስለ ሽንኩርቱ ነው የሚጠይቀኝ።

እኔም የማደርገውን ወስኛለሁ። ነጩን መደብሽን እጠብቃለሁ፤ ጉዝጓዙን እለውጣለሁ፣ ሀረጉን እቆርጣለሁ፣ ፍሬውን የሚሸጥ ሰው አገኛለሁ። ለሙት ዓመትሽ የቻልሁትን አደርጋለሁ። ጎህ ሲቀድ ተንበርክከሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ ላባውን በሁለት ጣት ይዘሽ የነበረውን እስክሞት አልረሳውም፤ ይህን ቃል እገባልሻለሁ፤ ቃሌን እንደማልበላ ታውቂያለሽ።

ሌላው ግን እዚህ ያበቃል። ይህን ወረቀት ጽፌ ስጨርስ እሳት ውስጥ እጨምረዋለሁ። ሰዉ ‘የእንጆሪ አበባ ነጭ ነው’ ሲል እሰማለሁ፤ አልመልስም። በዐቢይ ጾም ነፍስ አባቴ ሲመጡ ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ፤ ምኑን ብለው ቢጠይቁኝ ንስሐውን ይስጡኝ እንጂ አልነግራቸውም። አስካለ እሑድ ስትደውል ብታነሣው ስልኩን እዘጋለሁ። ስለ ቀዩ እንጆሪ ለከድር፣ ለልጅሽ፣ ለማንም አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። ለአንቺም የነገርሁሽ ዛሬ ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ መቃብርሽ ላይ ቆሜም ቢሆን አላነሣውም።

ባለቤትሽ ደምሴ